ወገቧ እስኪድን

መቼስ ጉድ ነው፤ የአስካለች ወገብ እየተሻለው በሄደ ቁጥር የቤቷ ሰው ፊት ይጠቁር ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ «እግዜር ይማርሽ» ሲሏት የኖሩት ዘመዶች፣ ምሕረቱ ሲመጣ ዓይን ዓይኗን ማየት ፈሩ።

የወደቀችው ሆቴል ስታጸዳ ነው። ሐኪሞቹ አጥንትሽ ደህና ነው፣ የተጎዳውም ጡንቻ በሁለት ወር ይድናል አሉ። ሕመሙ ግን በሰው አገር፣ ቃታሞኒም በሚባለው ሰፈር ያለው ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገብቶ አልወጣም አለ። የሚያንገበግባት ወገቧ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! እናቷ ጎንደር ቀርተዋል፤ አርጅተዋል። አውሮፕላን ላይ መቀመጥ እስክችል ይጠብቁኛል ወይ እያለች ቀን ትቆጥራለች። ስልክ ልደውል ስትል እዚሁ አጠገቧ ያለው ወንድሟ ደመቀ፣ ጆሯቸው ደክሟል፣ አይሰሙሽም፣ ሰላም ብለውሻል ይላታል።

ኋላ ወደ ኤራን ተላከች፤ ኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ የሚሠራ የሕመም ሐኪም ነው። ሕመምሽ የእውነት ነው፣ ቁስሉ ግን ድኗል አላት። አንጎልሽ ገና አደጋ አለ ብሎ ስለሚያምን ነው የሚጮኸው፤ ቀስ እያልሽ እንደማያስፈራ አሳዪው። ቀጥሎም፣ ቤት ውስጥ የሚያስፈራሽ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። ምንም የለም አለች።

አውቶቡስ ውስጥ ግን ነገሩ አልለቅ አላት። ወደ ማድ ቤት ስትገባ ወሬው ቀጥ ይላል። ልጇ ኦሽሪት ስልኳን ትደብቃለች። ወገቧን ጨምድዶ የሚይዛትም፣ ለካ፣ ያን ጊዜ ነው! ለምን ዝም እንደሚሉ ግን መጠየቅ ፈራች። ሸክም ሆኜባቸው ነው ብላ ደመደመች፤ ምስኪን።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ኢትዮጵያ ጎዳናን በእግሯ ተያያዘችው። መጀመሪያ እስከ ኪዳነ ምሕረት በር፣ ከዚያ እስከ ጎዳናው መጨረሻ። ሕመሙ ሲነሳ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ ደህና ነኝ ትለዋለች፣ ትቀጥላለች። በስድስተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ምንም ሳያማት ደርሳ ተመለሰች። እየሳቀች ቤት ገባችና ኦሽሪትን የጎንደር ቲኬት እንድትቆርጥላት ጠየቀቻት።

የኦሽሪት ፊት አመድ መሰለ። ትንሽ ቆዪ፣ ኢማ፣ አለቻት እናቷን በዕብራይስጥ ጠርታ፤ ከዚያ ክፍሏን ዘግታ ለአጎቷ ደወለች። «ድናለች» ስትል በበሩ በኩል ተሰማ፤ እያለቀሰች ነበር።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ደመቀ፣ አንድ ቄስና ሦስት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አስካለች ራሷ እንዲህ ባለ ሰዓት የሰው በር ያንኳኳችበት ቀን ስንት ነው! የሚነግራት አላስፈለጋትም።

«መቼ?» አለች።

«በወደቅሽ በሦስተኛው ሳምንት» አለ ደመቀ። «ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። እስክትድኚ ጠበቅን።»

መሬት ላይ ተወረወረች። ወገቧን፣ ወገቧን ያዟት እያሉ ተረባረቡ። ወገቧ ግን ምንም አልሆነም፤ ታጠፈ፣ ተዘረጋ፣ እንደገና ታጠፈ።

«ለእናቴ ብዬ እኮ ነው የዳንኩት» አለች።