ሳሙናው እስኪጠረግ

በዚያ እስር ቤት ሰው የማይመታበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረ፤ እርሱም የፀጉር አስተካካዩ ወንበር ነው። ፊቱ ላይ የሳሙና አረፋ ያለበትን ሰው ማንም አይነካውም፤ ያም ሰው በተራው በማንም ላይ እጁን አያነሣም። አረፋውን ፀጉር አስተካካዩ በፎጣ ከጠረገ በኋላ ግን ቂም ያለበት ቂሙን ይወጣል። ሕጉን ጠባቂዎቹ አላወጡትም፤ በየትኛውም ግድግዳ ላይ አልተጻፈም። በግድግዳ ላይ ከተጻፉት ሁሉ ይልቅ የሚከበረው ግን እርሱ ነበረ።

ሕጉ ከምን እንደ ተወለደ ከፀጉር አስተካካዩ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም። ሲወለድ ፎጣውን ይዞ አጠገቡ ቆሞ ነበርና።

ከብዙ ዓመት በፊት ወደዚያ ሲገባ ክፍሉን የሚገዛው ጎሽ የሚሉት ሰው ነበረ። ጎሽ የሚተኛው በመስኮቱ ሥር ነው፤ ነፋሱም ብርሃኑም የእርሱ ነው። የሌላው ሰው ዳቦ ወደ አፍ ከመድረሱ በፊት በእርሱ እጅ ያልፋል። እምቢ ያለ ጥርሱን ከወለል ይለቅማል። በዚያን ጊዜ አንድ አናጺ፣ ከእንጨት በቀር ምንም ቆርጦ የማያውቅ ዝምተኛ ሰው፣ ከሽንት ባልዲው ጎን የሚተኙትን ምስኪኖች ሰበሰበና «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አላቸው። የጠየቃቸው ነገር ትንሽ ነበረ፤ የእያንዳንዱ ዳቦ ለየራሱ ይቅር፣ አንዱ ሲመታ ሁሉም ይነሡ። ፀጉር አስተካካዩም ከሌሎቹ ጋር ማለ። መሐላው መልካም ነበረ። ክፋት ሁልጊዜ በክፉ ቃል አይጀምርም።

ጎሽን ፊት ለፊት የሚችለው ግን አልተገኘም። ስለዚህ ጢሙን ሊላጭ የሚቀመጥበትን ቀን ጠበቁ። ፀጉር አስተካካዩ አረፋውን እስከ ቅንድቡ ድረስ ቀባው፤ ጎሽ ዐይኑን ጨፈነ፤ አናጺው ከእንጨት ሥራው ቤት ሰርቆ የደበቀውን መሮ በጎድኑ ሰደደው። ጎሽ እያገሣ ሲነሣ ሁሉም ተረባረቡበት። በአግዳሚ፣ በጫማ፣ በጥርስ ጭምር መቱት። አረፋው ቀልቶ በአንገቱ ወረደ። በቃሬዛ አወጡት፤ አልተመለሰም።

በዚያው ቀን አናጺው ብርድ ልብሱን በመስኮቱ ሥር አነጠፈ። «ለጊዜው ነው» አለ። ቆይቶ ከየሰዉ ዳቦ ቁራሽ መሰብሰብ ጀመረ፤ ለታመሙት ነው አለ። ከዚያ በኋላ ለምን እንደሆነ መናገሩንም ተወ። አብረውት የማሉት «የመስኮት ልጆች» ተባሉ፤ በጎሽ ዘመን ባልዲው ጎን ይተኙ የነበሩት አሁን ሌላውን ባልዲው ጎን ያስተኛሉ። አናጺው ግን አንድ ነገር አልረሳም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ እርሱም ጢም ነበረው፣ እርሱም በዚያ ወንበር ላይ ዐይኑን ይጨፍናል። ስለዚህ የሳሙናውን ሕግ ያወጣ እርሱ ነው። የሳሙናን ሕግ የጣሰ በሁሉም እጅ ይሙት አለ፤ ሁሉም ለየራሱ ጉሮሮ ሲል ተስማማ።

አዲስ የመጣው የእስር ቤቱ አዛዥ ማኅበሩን አፈርሳለሁ ብሎ የመስኮት ልጆችን በየክፍሉ በተናቸው። ፍም የሚበትን ሰው ቤቱን ያቃጥላል። ወር ሳይሞላ በየክፍሉ አንድ ብርድ ልብስ ወደ መስኮቱ ሥር ተዛወረ።

ነገሩ እንዲህ ሳለ የፀጉር አስተካካዩ የእህት ልጅ ገባ። ቀጭን ስለሆነ ሽቦ ይሉታል። በውጭ ሳለ የድልድይ ሥር ልጆች ከሚባሉት ጎረምሶች ጋር ይውል ነበር፤ አባቱ ሲሞት ጫማ የገዙለት እነርሱ ናቸው። የታሰረው በእነርሱ ድብድብ ነው፤ ሰው የወጋው ግን ሌላ ነው። እናቱ በጠያቂ ቀን ከሽቦ አጥሩ ማዶ ቆማ ወንድሟን ጠራችው።

«ወንድም ጋሼ፣ ሌላ ወንድም የለኝ፣ ሌላ ልጅ የለኝ። የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ ይወጣል ብለውኛል። እጁ ደም ሳይነካ እንደ ገባ መልስልኝ።»

«እመልሰዋለሁ።»

«ማልልኝ።»

«የማልሁት ሁሉ አላማረልኝም፣ እህቴ። በቃሌ እመኚኝ።»

ልጁ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በመስኮቱ ዙሪያ ይታይ ጀመር። አንድ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ የተቆረጠ ፀጉር ሲጠርግ ልጁን አጠገቡ አገኘው።

«ማንኪያህ የት አለ?»

«ጠፋብኝ።»

«የጠፋው ማንኪያ ሲሚንቶ ላይ ሲሳል ሰማሁት።»

ሽቦ ሳቀ። «አጎቴ፣ አንተ በምላጭ እየኖርህ እኔን በማንኪያ ትቆጣኛለህ?»

«በማን ላይ ነው?»

«ዳቦ አዳዩ ላይ። አትጩህብኝ። ካልመታሁት እኔን ይመቱኛል።»

ዳቦ አዳዩ ዕድሜ የጠገበ እስረኛ ነው፤ ቀድሞ የጭነት መኪና ሹፌር ነበረ። ጥፋቱ አንድ ነው። አናጺው ከዳቦው ጆንያ ድርሻዬን ስጥ ብሎ ቢልክበት፣ «ዳቦ በአፍ ልክ ነው የሚታደለው፤ መስኮት አፍ የለውም» ብሎ መልሶ ላከበት። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ይህችን ሳቅ አናጺው በደም ሊያጥብ ፈለገ።

«ሽማግሌ ነው እኮ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«የመጀመሪያ ቀን ብርድ ልብስ የሰጡኝ እነሱ ናቸው። አንተ ምን ሰጠኸኝ? ምክር። ምክር ደግሞ አይለበስም።»

«ብርድ ልብሱ ከማን ላይ እንደ ተገፈፈ ጠይቀሃል?»

ልጁ የተቆረጠውን ፀጉር በእግሩ በተነ። ብርድ ልብሱን ያጣው ሰው ሌሊቱን ሲያስል ሰምቶታል።

ለጠባቂ መንገር ከንቱ ነበረ፤ የጠባቂዎቹ ጆሮ ከመስኮቱ ጋር ከተጋባ ቆይቷል። ስለዚህ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ወደ አናጺው ሄዶ ቆመ። አናጺው ተጋድሞ ነበር፤ ሬዲዮ የሚሉት ወሬኛ እግሩን ያሸዋል።

«የእህቴን ልጅ ተውልኝ» አለ።

«የእህትህ ነው እንዴ? እኛ ዘንድ የገባ ልጅ እናቱ መስኮቷ ናት።»

«መስኮት የወለደችው ደግሞ ብርድ አይፈራም!» አለ ሬዲዮ፤ በዙሪያው ያሉት ሳቁ።

አናጺው አልሳቀም። «ያን ቀን እኔ መሮ ይዣለሁ፣ አንተ ፎጣ ይዘሃል። ከአንድ ማዕድ በልተን አሁን እጅህን ልትታጠብ ነው? ቅዳሜ የሽማግሌውን ፊት ጠርገህ ስትጨርስ ፎጣውን ትከሻህ ላይ ጣል። ለልጁ ምልክቱ እርሱ ነው። ሂድ፣ ወንድሜ።»

ቅዳሜ መጣ። የፀጉር ቤቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ የተሰነጠቀ መስተዋት፣ የእንጨት ወንበር፣ አንድ በርጩማ፣ የውኃ ሳፋ አለው። የመስኮት ልጆች አግዳሚውን ሞልተው ተቀምጠዋል። ሽቦ እጁን እጅጌው ውስጥ ከትቶ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ምላጩን ቆጥሮ የሚረከበው ጠባቂ በውጭ ፀሐይ ይሞቃል።

ዳቦ አዳዩ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ ቀባው፣ አንዱን ጉንጭ ላጨ፣ ሁለተኛውን ጀመረ።

«ልብህ ዛሬ እዚህ የለም፣ ልጄ» አለ ሽማግሌው፤ «ጉሮሮዬን ለመስኮቱ መባ እንዳታደርገው።»

ማንም አልሳቀም። ፀጉር አስተካካዩ አገጩን ላጭቶ ጨረሰና ምላጩን ሳፋው ውስጥ ጣለ። ፎጣውን አነሣና ቆመ። በትከሻው ላይ ቢጥለው ሽማግሌው ይሞታል፣ ልጁም ከዚህ ግቢ አይወጣም። ባይጥለው ደግሞ ልጁን ይወጉታል። እህቱ ከአጥሩ ማዶ ጣቶቿን በሽቦው ቀዳዳ አሾልካ እንደ ቆመች ታየችው። ፎጣውን መልሶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለና የሳሙናውን ብሩሽ ሳፋው ውስጥ ነክሮ አወጣ።

«ሽቦ፣ ና።»

«ምን?»

«ና አልሁህ!»

ልጁ አንድ እርምጃ ሲቀርብ አንገትጌውን ጨብጦ በርጩማው ላይ ጣለው፤ ልጁ አፉን ከመክፈቱ በፊት ከጉንጭ እስከ ጉንጭ አረፋውን ለደፈበት። አግዳሚው ላይ ያሉት ብድግ አሉ፤ እንደ ተነሡም ቀሩ። ሳሙና የተቀባውን ማንም አይመታውም፤ ሳሙና የተቀባውም ማንንም አይመታም። አንዱ እንዲገድለው የተሰጠውን ሰው ደግሞ ሌላው አይነካበትም፤ ይህም ሕጋቸው ነው።

ፀጉር አስተካካዩ የሽማግሌውን ፊት በፎጣው ሳይሆን በእጅጌው ጠረገለት። «አባቴ፣ ወደ ጠባቂው ሂድ። አጠገቡ ተቀመጥ። እስኪጠሩህ እንዳትነሣ።» ዳቦ አዳዩ የልጁን እጅጌ አየ፣ ነገሩ ገባው፣ በግድግዳው ተደግፎ ወጣ።

ሬዲዮ ተፈትልኮ ሮጠ። ብዙም ሳይቆይ አናጺው ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ባዶውን ወንበር፣ ቀጥሎም በነጭ አረፋ የተሸፈነውን ልጅ አየ።

«ጥረገው» አለ በዝግታ።

«ጢሙ ገና ነው።»

«የታለ ጢሙ?»

«እስኪበቅል እጠብቃለሁ።»

ከአግዳሚው አንዱ ሳያስበው ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው። ያ ሳቅ ነው ነገሩን ያበላሸው። አናጺው ስለ ዳቦው የተሳቀበትን ሳያወራርድ ሌላ ሳቅ ተጨመረበት። ፊቱ ደም ለበሰ፤ እጁ ወደ ወገቡ ወረደ። ያወጣው ያው የጥንቱን መሮ ነው፤ ተስሎ ተስሎ አጥሯል።

«ጥረገው ብያለሁ!»

«አልጠርግም።»

አናጺው ተወረወረ። መሮው የሄደው ወደ ፀጉር አስተካካዩ አልነበረም፤ እምቢታው ከየት እንደ መጣ አውቆ ወደ ልጁ ጉሮሮ ነው የሰደደው። ፀጉር አስተካካዩ መዳፉን ዘረጋ። ብረቱ በመዳፉ ገብቶ በጀርባው ወጣ፤ በጎን ካለው ወንበር መደገፊያም ተተከለ። እጁ ከእንጨቱ ጋር ተሰፋ። የጮኸው ሌላ ሰው እስኪመስለው ድረስ የራሱን ድምፅ አላወቀውም።

የሁሉም ዐይን ወደ ልጁ ዞረ። ደም በልጁ አረፋ ላይ ተረጭቷል።

«ሳሙና ያለበትን!» አለ ሬዲዮ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ሳሙና ያለበትን ሊወጋ! ነገ እኔን ነው! ነገ እኛን ነው!»

አናጺው ላይ ወረዱበት። እግሩን ሲያሸው የነበረው ሬዲዮ በዚያው እግሩ ጎትቶ ጣለው። አግዳሚው ተነሥቶ ወረደ፤ ደግሞ ተነሣ። መስተዋቱ ወድቆ ደቀቀ፤ ስብርባሪው በእጃቸው ገባ። አናጺው አንድ ጊዜ «ወንድሞቼ» ሲል ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ የተሰማው አጥንት ብቻ ነበረ። ስለ ፍትሕ የመታው አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም የመታው ስለ ገዛ ጉሮሮው ነው።

ሽቦ ተነሥቶ ነበር። የተሳለውን ማንኪያ ጥሎ ምላጩን ከሳፋው አፈፍ አደረገ። አናጺው ከእግሮች መካከል ፊቱን ወደ እርሱ ሲያዞር ጉሮሮው እስከ ደረቱ ተገልጦ ታየ። ልጁ ጎንበስ አለ።

«ሽቦ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ እጁ እንደ ተሰፋ ነው። «አልጠረግሁህም! ሰማህ? አልጠረግሁህም! ተቀመጥ!»

ልጁ ምላጩን እንደ ያዘ ቀና አለ። አረፋው ከአገጩ ጠብ ጠብ ይላል። ደግሞ አጎቱን አየ፤ መሮውን አየ። ምላጩን ወደ ሳፋው ጣለው፤ በርጩማው ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ፤ ሁለት እጁንም በጉልበቶቹ መካከል ቀበረ።

ጠባቂዎቹ ፊሽካ እየነፉ ሲገቡ አናጺው የሚታወቅበት ፊት አልቀረለትም። በቃሬዛ አወጡት፤ እርሱም አልተመለሰም። አዛዡ ራሱ መጥቶ የሁሉንም እጅ አስዘርግቶ አየ። ደም ያልነበረበት የሽቦ እጅ ብቻ ነበረ፤ ሳሙና ነበረበት። ሌሎቹ ለምርመራ ተጻፉ፤ እርሱ አልተጻፈም።

አመሻሹ ላይ ፀጉር አስተካካዩን እጁን ጠቅልለው ወደ ክፍሉ መለሱት። ሁለት ጣቶቹ ዳግመኛ እንደማይታጠፉ ሐኪሙ ነግሮታል። በመስኮቱ ሥር አዲስ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፤ ሬዲዮ ላዩ ላይ ተቀምጧል።

«ለጊዜው ነው፣ ጋሼ» አለ ሬዲዮ ቀድሞ። «ነገሩ እስኪረጋጋ።»

ፀጉር አስተካካዩ አልፎት ሄደ። ልጁን ፈለገ። ሽቦ በበሩ ጎን፣ ባልዲው አጠገብ ነበረ፤ ብርድ ልብሱን ለሚያስለው ሰው መልሶለታል። ፊቱ ላይ አረፋው ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቋል፤ የአጎቱም ደም በላዩ ደርቋል። ጠባቂው ታጠብ ቢለው እምቢ ብሏል።

«ለምን አልታጠብህም?»

«አንተ ነህ የምትጠርገው» አለ ልጁ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኗል። «አጎቴ፣ ዝናቡ አባርቶ እስክወጣ ብዙ ይቀራል። ባትጠርገኝስ?»

ፀጉር አስተካካዩ ከጎኑ በወለሉ ላይ ተቀመጠ። በግራ እጁ የሸሚዙን ጫፍ በውኃ ነከረ፤ ደሙን ብቻ ከግንባሩና ከጉንጩ ጠረገለት። ሳሙናውን ተወው። ሬዲዮ ከመስኮቱ ሥር ይመለከታቸው ነበር፤ ከብርድ ልብሱ ግን አልተነሣም።