አራት ጣት ትርፍ

ናቭኒት በአያቷ አሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን መቀመጫ ልትገጥም ነው። መቀመጫው የሚገባው የሻንሲው የኋላ ብረት ካጠረ ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት ልኩን በጠመኔ አስምራ ሰፈሩ ሁሉ ቻቻ፣ አጎቴ፣ እያለ ለሚጠራቸው ለበያጁ ለገርመል ትታ ሄደች። ከሥራ ስትመለስ ሻንሲው ተቆርጧል፤ ግን ከመስመሩ አራት ጣት ወደኋላ።

"ቻቻ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ትርፍ ነዋ፣ ልጄ። ባልሽ የት ሊቀመጥ ነው?"

"ባል የለኝም እኮ!"

"ታዲያ ለአንድ ብረት ብለሽ ቆመሽ ልትቀሪ ነው?"

ሉዲያና ከተማ ውስጥ ሌላ በያጅ የጠፋ ይመስል እዚህ ያመጣትን ቀን ረገመች።

"እሺ፣ ይቀመጡበት።"

እሷ ከፊት ተቀመጠች። ቻቻ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ከኋላዋ ወጡ፤ ግማሽ ቂጣቸው አየር ላይ ቀረ።

"ተመቸዎት?"

"ትንሽ... ጠበብ ይላል።"

"ለሁለት ሰው አጠረ፣ ለመቀመጫዬ ረዘመ። አሁን ማን ይንዳው?"

ቻቻ ትከሻዋን ተደግፈው ወረዱ። የተረፈውን ብረት ጨብጠው ትንሽ አሰቡና መቁረጫ ግራይንደሩን አነሡ።

"እናትሽ ከጠየቁ ግን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ።"