ከቁስቋም ሥር ያለው አፈር

ካስማው ሲተከል ጌጤ በአጥሯ ቀዳዳ ታይ ነበር። ወታደሮቹ ከቁስቋም ማርያም ቁልቁል ወርደው፣ ዳገቱን በገመድ እየለኩ በየሃያ እርምጃው አንድ አንድ ካስማ መቱ። አራተኛውን የመቱት እርጥቡ አፈር ከሚወጣበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው። የመዶሻው ድምፅ እዚያ ሲደርስ ለሰስ አለ። ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ በሰፈሩ ከእሷና ከጓደኛዋ ከሾዴ በቀር የሚገባው አልነበረም።

ጊዜው ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ነው። የጉለሌው ጦር ሠፈር ሊሰፋ ነው ተብሎ ለየቤቱ ተነግሯል። በዳገቱ የሚኖረው ድሃ እንዳይጎዳ እንደየሥራው ምትክ ያገኛል ተባለ፤ ሣር አጫጁ ሌላ መስክ፣ ቅጠል ለቃሚው የእንጦጦ ደን ፈቃድ፣ ሸክላ ሠሪው ከወንዙ ማዶ ሌላ የአፈር ጉድጓድ። መዝጋቢው ዓምሃ የሚባል ከረባት ያሰረ ወጣት ነበር። የጉለሌን ጭቃ በጫማው ተሸክሞ ከደጅ ደጅ ዞረ።

"ሥራዎ ምንድን ነው፣ እናቴ?" አላት ጌጤን፣ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ።

በጓሮ ዐሥራ አንድ ያልተተኮሱ እንስራዎች በጆንያ ተሸፍነው ይደርቃሉ።

"ፈታይ ነኝ" አለችው። "ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እፈትላለሁ።"

ጻፈ።

ሃያ ዓመት ሙሉ የኖረችው እንዲህ ብላ ነው። ሸክላ ሠሪ የሚለው ስም ብቻውን አይመጣም፤ ቡዳ ናት፣ ልጅ ትበላለች የሚለውን ሐሜት አስከትሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጌጤ ጭቃዋን የምትረግጠው በር ዘግታ ነው። እንስራዋን የምትተኩስላትም፣ ገበያ የምታወጣላትም በግልጽ ሸክላ የምትሠራው ሾዴ ናት። ሾዴ ግድ የላትም። "እኔን ምን ያረጉኛል? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ደግሞ እንዳልበላቸው ፈርተው ዋጋ አይከራከሩኝም!" ትልና ትስቃለች።

ሰፈሩ የጌጤን ነገር ያውቃል፤ ግን አይነገርም። አንድ ጊዜ አንድ ሰካራም "ጠይብ" ብሎ ሲሰድባት የዕድሩ ዳኛ አቶ ደቻሳ ሰምተው ፍርድ ቤት አቁመው አስቀጡት። ከዚያ ወዲህ ጌጤ ለሁሉም ፈታይ ሆነች። አሁን ደግሞ ልጇ እሌኒ ታጭታለች። የእጮኛዋ አባት አቶ ቶለሳ ከእንጦጦ ጀርባ ያሉ ገበሬ ናቸው። "የፈታይ ልጅ እጇ ሥራ ያውቃል" ብለው ነው የጠየቋት።

ማታውን ሾዴ መጣች።

"ምን ብለሽ ተመዘገብሽ?"

"ፈታይ።"

ሾዴ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። "አንቺ ሴት! እንዝርት ይዘሽ ታውቂያለሽ? አዲሱ ጉድጓድ እኮ ዘበኛ ይቆምበታል። ስሙ ወረቀት ላይ የሌለ እፍኝ አፈር አይዝም። ላስገባሽ ብል እኔንም ያባርሩኛል።"

"ምን ይሻለኛል?"

"እስከ ዓርብ ይታረማል። ሂጂና ንገሪው።"

እሌኒ ከምድጃው አጠገብ ሆና ስትሰማ ቆየች። ሾዴ ስትወጣ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። "እማዬ፣ ሠርጉ እስኪያልፍ ዝም በይ። ለእኔ ስትይ።"

"ሠርግሽ በምን የሚደገስ መሰለሽ? ጌሾውም እህሉም ከዚያ ጉድጓድ ነው የሚወጣው። ከሠርጉስ በኋላ እኔ ምን በልቼ ልደር?"

እሌኒ ቀሚሱን አልለቀቀችም።

ዓርብ ጌጤ ሰው ሲቀንስ እሄዳለሁ ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየች። ከጦር ሠፈሩ በር ፊት በተተከለው ድንኳን ስትደርስ አቶ ደቻሳ አንድ እንግዳ ይዘው ቆመዋል፤ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙት አቶ ቶለሳ ናቸው። የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ መጥተው፣ ስለ ጦር ሠፈሩ መስፋት የሚባለውን በዓይናቸው ሊያዩ ብቅ ብለዋል። ባለሱቁ ሐጂ ሸፊም አሉ።

ጌጤ ልመለስ አለች። ዓምሃ የብዕሩን ክዳን መግጠም ሲጀምር አየች።

"ልጄ፣ የኔን አርምልኝ። ፈታይ አይደለሁም። ሸክላ ሠሪ ነኝ።"

ዓምሃ ቀና አለ፤ ደክሞታል።

"እናቴ፣ ትናንት አንድ ነጋዴ ሣር አጫጅ ነኝ ብሎኝ ነበር። ማጭድ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም። ሥራ የሚታረመው በሁለት ምስክር ነው።"

"እኔ አለሁላት!" አለች ሾዴ ከኋላ።

"ድርሻ ያለው አይመሰክርም።"

ጌጤ እጇን ዘረጋችለት። ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል፤ ከጥፍሯ ሥር የገባው ቀይ አፈር አልወጣም።

"እዚህ አገር እጁ ጭቃ ያልነካው ማን አለ?" አላት።

ወደ አቶ ደቻሳ ዞረች። "ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ይንገሩልኝ።"

አቶ ደቻሳ መጀመሪያ አቶ ቶለሳን፣ ቀጥሎ እሷን አዩ። ዓይናቸው በኀዘኔታ ተሞላ። ችግር ነው እንዲህ ያናገራት፤ በአማቿ ፊት ራሷን ስታዋርድ ቆሜ አላይም አሉ በልባቸው።

"ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናት" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ቁስቋም ማርያምን፣ ይህች ሴት ሸክላ ስትነካ አላየሁም! እንዲህ ያለ ስም የሚለጥፍባት ካለ እኔን ያናግር!"

"ጋሼ፣ ስለ እግዜር ብለው..."

"ዝም በይ ልጄ። አልፈቅድም።"

ዓምሃ ወደ ሐጂ ሸፊ አየ። የጌጤ ሦስት እንስራዎች በዚያች ሰዓት ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተደርድረዋል። ሐጂ ጫማቸውን አዩ። "እኔ ሸክላ የምገዛው ከሾዴ ነው። ከዚህች ሴት ገዝቼ አላውቅም።" እውነታቸውን ነው። ሲጨርሱ፣ አይዞሽ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁላት።

መዝገቡ ተዘጋ።

አቶ ቶለሳ የተዘረጋውን እጇን፣ ጥፍሮቿን ሲያዩ ቆይተው ነበር። "እንግዲህ ስለ ቀኑ ሰው እንልካለን" አሉ በትሕትና፣ ከአንገታቸው ጎንበስ ብለው። ከዚያ ዱላቸውን አወረዱና ዳገቱን ተያያዙት። ከዚያ ሁሉ ምስክር ይልቅ ጌጤን ያመኗት እሳቸው ነበሩ።

ሰው አልተላከም። በኅዳር እሾሃማው ሽቦ ጉድጓዱን ከበበው፤ ወታደሮቹ ምሽግ ሲቆፍሩ ያወጡት ያ ለስላሳ ጭቃ በአጥሩ ዳር ተከምሮ ደርቆ ተሰነጠቀ። እሌኒ ለእናቷ መልስ የምትሰጠው ስትጠየቅ ብቻ ሆነ። ጌጤ ዐሥራ አንዱ እንስራ ከተሸጠ በኋላ ከሽሮ ሜዳ እንዝርትና ጥጥ ገዝታ መጣች።

አንድ ቀን አቶ ደቻሳ በደጇ ሲያልፉ ስትፈትል አዩና ቆሙ።

"በርቺ!" አሏት ደስ ብሏቸው። "አየሽ፣ እንዲህ ነው። ስምሽን አተረፍንልሽ።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።"

ጭቃ እንደምታለሰልስ ጣቷን በምራቋ አርሳ ክሩን ሳበችው። ክሩ ተበጠሰ። አጎንብሳ ጫፉን ትፈልግ ጀመር።