ቬርና ያልሸጠችው ጠመንጃ

«ፍሪጁ ሞልቷል» አለች ኤይሊ፣ የጓሮውን በር ገርበብ አድርጋ እንደያዘች። «ምግብ ከሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውሰጂው። ሴቶቹ እዚያ ናቸው።»

«ቤተ ክርስቲያን የሚወሰድ ነገር አይደለም» አለች ቬርና። «መኪናው ውስጥ ነው ያለው። ላምጣው ወይ ልልሽ ነው።»

«ድንች ከሆነ ሄልሚ ያመጣችው ራሱ ገና አልተነካም።»

«ኤይሊ፣ ምግብ አይደለም። የሬይኖ ጠመንጃ ነው።»

ኤይሊ በሩን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ከኋላዋ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ለማጽናናት የመጡት ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«የቱ ጠመንጃው?»

«አንቺ የገዛሽለት።»

ቬርና ወደ ፒክ አፕዋ ተመልሳ በግራጫ ብርድ ልብስ የተጠቀለለውን አመጣችው። ደጃፉ ላይ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች፤ ጥይት የሌለበት መሆኑን ከፍታ አሳየች፤ ከዚያ አፈሙዙን ወደ መሬት አዙራ አቀበለቻት። በዚያ የአዳኞች አገር ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ የሚሰጠው እንዲህ ነው፤ ለቅሶ ቤትም ቢሆን።

«ቅዳሜ መጥቶ ሊወስደው ነበር» አለች።

«ሐሙስ ሞተ።»

«አውቃለሁ።»

ኤይሊ «ግቢ» አላለቻትም። ቬርና በትከሻዋ አሻግራ ወደ ሳሎኑ አንድ ጊዜ ተመለከተች፤ የሬይኖን ወንበር የፈለገች ይመስል ነበር። ከዚያ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላ ሄደች።

«ማን ነበረች?» አለች ሄልሚ፣ የሟቹ እህት፣ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ።

«ቬርና።»

«ባዶ እጇን?»

ኤይሊ ጥቅሉን በጎኗ ከልላ አለፈቻት። ወደ መኝታ ቤት ገብታ የጠመንጃ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። የስጦታው ጠመንጃ ማኅደር እንደ ወትሮው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በየሳምንቱ አቧራውን የምትጠርገው እሷ ናት። አነሳችው፤ ቀለላት። ከፈተችው፤ ባዶ ነበር። ለስንት ሳምንት ባዶ ማኅደር ስትወለውል እንደኖረች አሰበችና ፊቷ ጋለ። ጠመንጃውን አፍንጫዋ ላይ አስጠጋችው። የቬርናን ጠመንጃ ሱቅ ዘይት ይሸታል። ሬይኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ይዞት የሚገባው ሽታ ነው።

ያንን ጠመንጃ የገዛችው ያ ሽታ እንዳይነካው ብላ ነበር።

ሬይኖ ከብረት ማዕድኑ ጡረታ በወጣበት ዓመት ነው። ለባሏ ስጦታ ስታስብ፣ ለእሱ ከጠመንጃ የተሻለ ነገር እንደሌለ አወቀች። ግን የሬይኖ ጠመንጃ ሁሉ ከቬርና ሱቅ የተገዛ ነው። የመጀመሪያውን የሸጡለት የቬርና አባት ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ ልጃቸው ቀጠለች። ቬርና አላገባችም። ከሱቋ መካከል የእንጨት ምድጃ አለ፤ በምድጃው ዙሪያ ወንበሮች አሉ። ሬይኖ ዘወትር ቅዳሜ እዚያ ይሄዳል። ጥይት ለመግዛት ይሄዳል፤ ጥይት ሳያስፈልገውም ይሄዳል። አንድ ቀን ኤይሊ «ምን ታወራላችሁ?» ብትለው፣ «ስለ ምንም» አላት። ስለ ምንም ነገር ግማሽ ቀን ሙሉ ከሌላ ሴት ጋር ማውራት ምን ማለት እንደሆነ ኤይሊ ብዙ ሌሊት አስባበታለች። እቤት ሬይኖ ዝምተኛ ነበር።

ስለዚህ በሐምሌ ለማንም ሳትናገር ብቻዋን ረጅም መንገድ ነዳች፤ በሩ ላይ በጭድ የተሞላ ድብ ወደቆመበት ወደ ትልቁ መደብር። ጠመንጃዎቹ ከጀልባዎቹና ከድንኳኖቹ ወዲያ በረጅሙ ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ቅናሽ የሚል ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። ሻጩ ትሁት ወጣት ነበር።

«ባለቤትዎ ምን ዓይነት ሰው ናቸው? ቁመታቸው፣ ክንዳቸው?»

ኤይሊ አፈረች፤ ደስም አላት። ስለ ባሏ ሰውነት የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ረጅም ነው» አለች። «ክንዱ ረጅም ነው። ትከሻው ሰፊ።» ስትናገር በዓይኗ የሚታያት ሐይቁ ዳር የሠርጋቸው ቀን፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ጀልባ ሲገፋ የነበረው ሬይኖ ነው። ልጁ ለእንደዚያ ያለ ሰው የሚሆነውን አወረደላት፤ ማነጣጠሪያ መነጽሩን እዚያው ገጠመላት። ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ለብቻዋ እየሳቀች ነዳች። ከእንግዲህ ሬይኖ ትከሻው ላይ የሚያሳርፈው፣ የቬርና እጅ ያልነካው አንድ ነገር አለ።

ሬይኖ ሲቀበላት ለረጅም ጊዜ አየው። «ጥሩ ነው» አለ። ከዚያም እንደገና፣ «በጣም ጥሩ ነው።»

በዚያው ኅዳር ወደ አደን ጎጆው ይዞት ሄደ። አጋዘን ሳይዝ ተመለሰ። «አልመጣም» አላት። በሚቀጥለውም ዓመት አልመጣም፤ በሚቀጥለውም። ሌላም ነገር ነበር። ከጎጆው በተመለሰ ቁጥር ከሸሚዞቹ አንዱ ይጎድላል። መጀመሪያ «ምድጃው ላይ ተቃጠለብኝ» አላት። ኋላ «ረሳሁት»። በሦስተኛው ምንም አላለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሸሚዙ ግን አንድ ቦታ ተሰቅሎ ይታያት ነበር፤ ከቬርና ምድጃ ጀርባ፣ ሚስማር ላይ።

ቀብሩ በተፈጸመ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወረደ። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሥጋና ድንች የታሸገበት ፓስቲ፣ ሄል ያለበት ጣፋጭ ዳቦ፣ ትልልቅ የቡና ማንቆርቆሪያዎች ተደርድረዋል። አደን ሊከፈት ቀናት ቀርተውት ስለነበር ወንዶቹ ራሳቸውን መግታት አልቻሉም፤ ከሟቹ ተነስተው ጠመንጃ ላይ ደረሱ።

«ትልቁ መደብር ሁለት መቶ ዶላር ይረክሳል። ምን ልሁን ታዲያ?»

«ይረክሳል እንጂ! ብሎኑ ሲላላብህ ለማን ልትነግር ነው? ለድቡ?»

«ድቡ ቢያንስ አይቆጣም። ቬርና ጋ ስትሄድ ከጠመንጃህ በፊት አንተን ነው የምትመረምርህ።»

«አንተስ መመርመር ያስፈልግሃል!»

ሳቁ፤ ከዚያ የት እንዳሉ ትዝ አላቸውና ወደ ሲኒያቸው አጎነበሱ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አለች ሄልሚ፣ ወደ ኤይሊ ጠጋ ብላ፣ «ወንድሜ ያንን የትልቁን መደብር ጠመንጃ ከያዘ ወዲህ አንድ አጋዘን አልጣለም።»

«አልመጣለትም» አለች ኤይሊ።

የሄልሚ ባል ዌስ ከሬይኖ ጋር በአንድ ጎጆ ያረጀ ሰው ነው። ቀና ብሎ ኤይሊን አየና ዓይኑን መለሰ።

ኤይሊ ግን የምታየው ወደ አዳራሹ መጨረሻ ነበር። ቬርና ካፖርቷን ሳታወልቅ ብቻዋን ተቀምጣለች። ታለቅሳለች። ድምፅ አልነበራትም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል፤ አትጠርገውም። ኤይሊ ራሷ ከሐሙስ ጀምሮ አላለቀሰችም። ሰው እንዲህ ሲያለቅስባት፣ ያውም በባሏ ቀብር፣ ዕቃዋን የወሰዱባት ያህል ተሰማት።

በማግስቱ ጠመንጃውን መኪናዋ ላይ ጭና ሄደች።

የቬርና ሱቅ በር ላይ ሁሉም የሚያውቀው ጽሑፍ አለ፤ ከዚህ ያልተገዛ ጠመንጃ እዚህ አይጠገንም ይላል። ኤይሊ አንብባው ገባች። በመጀመሪያ ያየችው ከምድጃው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው። ሚስማሩ አለ። የተሰቀለበት የቬርና የራሷ ካፖርት ነበር።

ከወንበሮቹ የሬይኖን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። መቀመጫው በግራ በኩል ጎድጉዷል፤ እቤት ያለው ወንበርም እንዲሁ ነው። ሄዳ ተቀመጠችበት፤ ጠመንጃውን አጠገቧ አቆመችው።

«ምን አደረግሽው?»

«ሰደፉን አሳጠርኩት።» ቬርና የአውራ ጣቷን ውፍረት አሳየቻት። «ይህችን ታህል።»

«ማን አሳጥሪ አለሽ?»

«እሱ ነዋ።»

«ሲገዛ ልኩ ነበር።»

«በሐምሌ ልኩ ነው፤ በሸሚዝ። በኅዳር ያንን ወፍራም ካፖርት ደርቦ ሲያነሳው ሰደፉ ብብቱ ውስጥ ይያዝበታል። እስኪያላቅቀው ደግሞ አጋዘን ቆሞ አይጠብቅም። ትከሻውም ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ታውቂያለሽ።»

ታውቅ ነበር። ቁስሉን ያጠበችለት እሷ ናት። ለሻጩ ልጅ ግን ያንን ትከሻ አልነገረችውም።

«አጋዘኑ አልመጣም ነበር ያለኝ።»

ቬርና እንጨት ወደ ምድጃው ጨመረች። «መጥቷል። በየዓመቱ መጥቷል። ስቶታል።»

የሳተ ሰው የሸሚዙ ጫፍ ተቆርጦ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ጎጆው ግድግዳ ላይ እንደሚቸነከር በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ኤይሊም ከልጅነቷ ታውቃለች። ግን ሬይኖ ስቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ የእሱን ሸሚዝ ይቆርጡታል ብላ እንዴት ታስብ? ሦስቱ ሸሚዞች አንድ በአንድ ትዝ አሏት፤ አረንጓዴው፣ ባለ ቡኒ መስመሩ፣ ክርኑ ላይ የጣፈችው።

«ዌስ ያውቃል?»

«መቀሱን የሚይዘው ዌስ አይደል? የቀረውን ሬይኖ እዚያው ያቃጥለዋል፤ አንቺ እንዳታዪው።»

«ከመጀመሪያው ዓመት ለምን አላሳጠረውም?»

«እኔም እሱን ነው ያልኩት። ‹አምጣው› አልኩት። ‹ቬርና ነካችው ከተባለ ኤይሊ ትሞታለች› አለኝ። ዘንድሮ ግን ዓይኑም ትከሻውም ደከመ። ‹የሰደፉን ጎማ መልሰሽ ስትገጥሚው እንዳይታወቅ አድርጊ› ብሎ ይዞት መጣ።»

ኤይሊ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጋጠመች። ሊያስደስታት የሚገባ ነገር እንደሰማች ይገባታል። ግን ደስታ አልነበረም። ሬይኖ በጫካው ውስጥ ስለ እሷ ሲል ተዋረደ፤ ያንን መዋረዱን ግን ይዞ የመጣው እዚህ ነው፤ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ያወራው። «ስለ ምንም» ያላት ነገር እሷ ራሷ ኖራለች።

«ስለ እኔ ታወሩ ነበር።»

«አንዳንዴ።»

«በቅናቴ ይስቅ ነበር?»

«አይ። ስቆ አያውቅም።»

«ምናለ በሳቀ» አለች ኤይሊ።

ቬርና የምድጃውን በር ዘጋች። ከዚያ እስካሁን ባልተሰማ ድምፅ ተናገረች። «አንቺ ብቻ የቀናሽ ይመስልሻል? ያውልሽ፣ ከላይ የተሰቀለውን ጠመንጃ እዪው። ለእሱ የሚሆን፣ በልኩ የተሠራ ነው። በነጻ ውሰደው አልኩት። በነጻ! ‹አይ፣ የኤይሊን ይዣለሁ› አለኝ። አባቴም እኔም የሸጥንለትን ሁሉ ‹ጠመንጃ› ብቻ ነበር የሚለው። ያንን፣ በቅናሽ የተገዛውን፣ ብሎኑ የላላውን ነው ‹የኤይሊ› የሚለው። ሦስት ዓመት እየሳተበት!» በር በሩን አየች። «ያንን ጽሑፍ ለጥፌ ኖሬ፣ ከዚህ ያልተገዛ ጠመንጃ የነካሁት እሱን ብቻ ነው።»

እንጨቱ ምድጃው ውስጥ ተሰነጠቀ። ኤይሊ ይህችን ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። የምትጠላትን ያህል አወቀቻት፤ ይህም መጥላቱን አልቀነሰላትም።

ቬርና ከጠረጴዛዋ መሳቢያ ከሰደፉ የቆረጠችውን ስስ እንጨት አወጣች። «‹ቁራጩን አስቀምጪልኝ› ብሎኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ኤይሊ እጇን ዘረጋች። ቬርና ቶሎ አልለቀቀችውም። ለአፍታ ሁለቱም ይዘውት ቆዩ። ከዚያ ለቀቀችው።

አደን ሊከፈት ዋዜማ፣ ዌስ ወደ ጎጆው ከመሄዱ በፊት ሊሰናበታት ጎራ አለ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወጥ ቤት ቆመ።

«የሸሚዞቹ ጫፎች እዚያ ናቸው?» አለችው።

ዌስ ቀላ። «ማን ነገረሽ?»

«ናቸው ወይ?»

«አሉ። ላምጣቸው ካልሽ...»

«አይ። ይቆዩበት።»

ወደ መኝታ ቤት ገባች። ለዘንድሮ አደን በካውያ ተኩሳ ያዘጋጀችለት ቀዩ ሸሚዝ ተንጠልጥሏል። አወረደችውና ወጥ ቤት አመጣችው፤ ከመሳቢያው መቀስ አወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የኋላ ጫፉን ቆረጠች።

«ኤይሊ» አለ ዌስ ቀስ ብሎ፣ «እሱ እኮ ዘንድሮ አልሳተም። ላልመጣ ሰው ደንብ የለንም።»

«እንግዲህ ይኑራችሁ» አለች።

ጨርቁን በእጇ ይዛ ትንሽ አሰበች። ሰፊ ነው፤ ለሁለት ቢቆረጥ ይበቃል። ግማሹ ሱቁ ውስጥ፣ ምድጃው ጀርባ ያለው ሚስማር ላይ ታያት። መቀሱን መሳቢያው ውስጥ መልሳ ዘጋችበት። ሙሉውን ለዌስ ሰጠችው።

«ጠመንጃውስ? ልውሰደው?»

«የእሱ ቤት እዚህ ነው» አለች።

ዌስ በዚያው ምሽት ጨርቁን ጎጆው ግድግዳ ላይ፣ ከሦስቱ ቁራጮች አጠገብ ቸነከረው። ኤይሊ የቀረውን ሸሚዝ ለብሳ ተኛች።