ከባሕሩ ፊት ለፊት

የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ሠራተኛዋ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረች። አስር ሰዓት ላይ እደውላለሁ፣ መልስ ካላገኘሁ ቤቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል ብላ ሄደች።

“አየኸው አይደል አባዬ? አንዲት ክፍል ናት” አለች ሂንድ።

“መስኮቱን አየሽው?”

“መስኮት እኛም ቤት አለ።”

“በእናንተ መስኮት የሚታየው መጋዘን ነው።”

መሐመድኑር ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሜልበርን፣ ኬንሲንግተን በሚባለው ሰፈር፣ በመንግሥት ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ፎቁ ሊፈርስ ስለሆነ መውጣት አለበት። ወይ ትሩጋኒና በሚባለው ሰፈር ልጁ ሂንድ ቤት ይገባል፤ ወይ ከሜልበርን ሁለት ሰዓት በምትርቀው በዚህች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ብቻውን ይኖራል። የከተማዋ ስም ለአፉ ስላልተመቸው “ወደቧ” ይላታል።

ወደ ባሕሩ ወረዱ። ጭጋጉ እየሳሳ ነበር። ጀልባዎቹ ውሃ ላይ ሳይሆን አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። ነጩ የመብራት ማማ ወገቡ ድረስ ጠፍቶ አናቱ ብቻ ይታያል። መሐመድኑር እርምጃውን ቀነሰ። ቶሎ ከሄደ የሚያየው ሁሉ የሚበተንበት መሰለው።

ወደ ውሃው በሚገባው የእንጨት መተላለፊያ ላይ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ የዓሣ ሣጥን ያጥባል። መሐመድኑር አጠገቡ ቆመ። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው።

“ዓሣ ታውቃለህ?”

“ዐሰብ ላይ አስራ ስድስት ዓመት ጀልባ ላይ ሠርቻለሁ” አለ መሐመድኑር በሰባራ እንግሊዝኛው።

ሽማግሌው ዐሰብን አያውቃትም። ጀልባ ግን ያውቃል። ስለ ከተማዋ ነገረው። በአያቱ ዘመን ስልሳ ጀልባ ነበር። ማዕበል ሲነሣ ሴቶቹ ፋኖስ ይዘው ዳርቻው ላይ ያድሩ ነበር። የነፍስ አድን ጀልባ ይቆምበት የነበረው ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። በበጋ ከሜልበርን ሰው ይመጣል፤ ማማው ላይ ይወጣል፣ አይስክሬም ይበላል፣ ይሄዳል። አሁን የቀሩት አራት ጀልባዎች ናቸው።

“ዓሣው የት ሄደ?”

“ዓሣውስ አለ። የሄዱት ልጆቹ ናቸው” አለ ሽማግሌው።

ሂንድ ሰማችው። “ምሳ ላምጣ” አለች።

“ዓሣ ይሁን። እዚህ አገር ማን አረደው ብዬ ሳልጠይቅ የምበላው እሱን ብቻ ነው።”

“ዘይቱንስ? በምን ዘይት እንደጠበሱት ልጠይቅልህ?”

“አትጠይቂ፤ ረሃቤን አታበላሺብኝ።”

ሳቋን እየዋጠች ዓሣ ወደሚጠበስበት ሱቅ ሄደች።

መሐመድኑር ከዳርቻው ቧንቧ ዉዱእ አደረገ። ጃኬቱን ሣሩ ላይ አነጠፈ። ጭጋጉ ተገፎ ውሃው ወለል ብሎ ነበር። የጨው ሽታ አፍንጫውን ሞላው። ከሩቅ የሞተር ድምፅ ይሰማል። እጆቹን አንሥቶ ወደ ሶላቱ ገባ። ግንባሩ መሬት ሲነካ ሣሩ እንደ አሸዋ ሞቀው። የዐሰብ ጓደኞቹ ከግራና ከቀኙ የቆሙ መሰለው፤ እርጥብ ሽርጣቸው፣ ትከሻቸው ላይ የደረቀው ጨው። ሲጨርስ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አሰላመተ። ማንም አልነበረም።

ሂንድ ምሳውን ይዛ ከኋላው ቆማለች።

“አባዬ፣ ወዴት ነው የሰገድከው?”

“ወደ ቂብላ ነዋ፤ ወደ መካ።”

“ቂብላው እኔ ጋ ነው። ከኋላህ።”

ወደ መሬት አየ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ጀርባው ላይ ነበረች። ጥላው ወደ ባሕሩ ተጋድሟል። ዐሰብ ላይ ይሰግዱበት ከነበረው ዳርቻ ቂብላው በውሃው በኩል ነበር። እግሩ ሳይጠይቀው ወደዚያ አዙሮታል።

ጃኬቱን አዞረና ባሕሩን ከኋላው አድርጎ እንደገና ሰገደ። ሂንድ ከፊቱ ገለል አለችለት።

ሲጨርስ ሣሩ ላይ አብረው ተቀመጡ። ዓሣው ቀዝቅዟል።

“አየህ፣ ባሕሩ ገና ሳትገባ ቂብላህን አስረሳህ” አለች። “ብቻህን ስትሆን ማን ይነግርሃል? ጁምዓ የት ትሰግዳለህ? ቢያምህ ባሕሩ አምቡላንስ ይጠራልሃል?”

“ለጁምዓ በባቡር እመጣለሁ። ካንቺ ቤትም እበላለሁ።”

“ልጆቹ ክፍልህን አዘጋጅተውልሃል እኮ።”

“አውቃለሁ።” ወደ ውሃው አየ። “ሂንዴ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ቂብላ ተሳስቼ አላውቅም። ልቤም አንድ ቀን የትም ሄዶ አያውቅም። ዛሬ ሄደ።”

ሂንድ ከዓሣው እሾኽ እየለቀመች ሥጋውን ወደ እሱ ገፋችለት።

ስልኳ ጮኸ። አየችው።

“የቤቶቹ ሠራተኛ ናት። ምን ልበላት?”

ስልክ ላይ እንግሊዝኛ ሲመጣ መሐመድኑር ሁልጊዜ ለልጁ ነው የሚተወው። አሁን ግን ጣቶቹን በመሐረብ ጠርጎ እጁን ዘረጋ።

“ስጪኝ” አለ። “እኔው እነግራታለሁ።”