ሰልስቱ ሳይወጣ

«ምስክር፣ አንዴ ውጣልኝ» አለችው ሳምሪ በጆሮው።

አልተነሳም። እናቱ ወለተ ሐና የተቀበረችው ትናንት ነው። ሰልስት ሳይወጣ ልጅ ከለቅሶ ቤት ንቅንቅ አይልም፤ ቢልማ አገር አይለቀውም። ሳምሪ አብራው የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ነውሩን አጥታው አይደለም።

«እዚሁ ንገሪኝ።»

«አንዲት ወላድ ናት፤ ምጥ ከያዛት ሁለት ቀኗ። ሐኪሙ ኦፕሬሽን ካልተደረገች አትተርፍም ብሏል። ፍኖተ ሰላም እንዳንልካት መንገዱ ተዘግቷል። ሰመመን የሚሰጥ ደግሞ... ያው ካንተ ሌላ የለም።»

«የለማ!» ድምፁ ከፍ ሲል ከቡሬ የመጡት ለቀስተኞች ዘወር አሉ። «ሦስት ነበርን። አንዱ ባሕር ዳር ግል ሆስፒታል ገባ፤ አንዱ ከአገር ወጣ። ሰው ቅጠሩ ብለን ስንጮህ ታገሱ አሉን። ይኸው ስታገስ እናቴ ሳልደርስላት ሞተች! ሂጂና ለአለቆቹ ንገሪያቸው።»

ሳምሪ አንገቷን ደፋች። እሷም የሦስት ሰው ሥራ ብቻዋን ተሸክማ ከርማ ዐይኗ ጎድጉዷል።

እናቱ የሞተችበት ዕለት ምስክር ከኦፕሬሽን ክፍል ሳይወጣ ነው የዋለው። ሲጨርስ ስልኩን አየ፤ አንድም ጥሪ የለም። ቤቱ ሲደርስ ግን ጎረቤቱ ደጁን ሞልቶታል። ማንም አለመደወሉ እስካሁን ያንገበግበዋል።

«ለምን አልጠራችሁኝም?» አላቸው ከጎኑ የተቀመጡትን አክስቱን።

እትዬ እጅጉ ሳምሪን ገና ስትገባ ገላምጠዋት ነበር። አሁን መሬት መሬት እያዩ «ስልኩን ይዤ ነበር» አሉ። «እናትህ ቀማችኝ። ‹ሰው አስተኝቶ ጥሎ ይምጣ ነው የምትይው?› አለችኝ፤ ደረቷን እያፈናት! ግትር ነበረች፣ ታውቃታለህ የለ።»

ምስክር እያለቀሰ ሳቀ። እንዴት አያውቃት! አምና ሥራውን ልልቀቅ ሲላት «ልቀቅ! ማን ያዘህ?» ብላ ሻንጣውን ራሷ አወጣችለት። «ወላዶቹን ግን ተሰናብተህ ሂድ» አለችው። ሊሰናበት ገብቶ በዚያው ቀረ።

«ተነስ እንግዲህ» አሉት እትዬ እጅጉ። «የሚያማህ ቢኖር መልሱ ከኔ ዘንድ ነው።»

ወላዷ ከገጠር የመጣች ልጅ እግር ናት። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ለሰመመኑ መርፌ ጀርባዋን አጉብጠው ሲያስቀምጧት ሳምሪ «አይዞሽ፤ ከእናቱ ለቅሶ ተነስቶ ነው የመጣልሽ» አለቻት።

ምጡ ፋታ ሲሰጣት ዞር ብላ አየችው።

«እናትህ ሞተውብህ ነው? እኔ ልደፋልህ ወንድሜ! እግዜር ያጥናህ» አለችና እጇን ዘርግታ እጁን ያዘችው።

ጓንቱ ለመርፌው የተዘጋጀ ንጹሕ ነበር፤ መነካት የለበትም። ሳምሪ ልታስለቅቃት ስትል በዐይኑ ከለከላት። ምጡ ተመልሶ እስኪመጣ እጁን ሰጥቷት ቆየ፤ ከዚያ ጓንቱን አውልቆ ሌላ አጠለቀ።