ከፎቁ ጣሪያ የታየው ቀይ ብርድ ልብስ

አሳንሰሩ ሽቅብ ሲነሳ አብራኝ የምትነግደው ጓደኛዬ ሙንተሃ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችው። «ሐዳሳ፣ ወላሂ ከወደቅን አልምርሽም!» አለችኝ። እኔ ግን ስለ መውደቅ የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም። ልቤ ቀድሞኝ ጣሪያው ላይ ደርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቤጽ ሊያገባኝ ይፈልጋል፤ እኔም እፈልገዋለሁ። አባቱ ጋሽ ደረሰ ግን ሽማግሌ አልልክም ብለው ዓመት ሙሉ ድርቅ አሉ፤ እሱ ደግሞ ያለ አባቱ ምርቃት አያገባም። «የመናኸሪያ ነጋዴ ልጅ አፏ አይቻልም» ይላሉ አሉ። አፌ ምን አደረጋቸው? አንድ ቀን እንኳ ቀርቤ አላናገርኳቸው! ትናንት ያቤጽ ደወለና «ነገ ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቃቸዋለሁ። አንቺ እኛ ሰፈር አዲስ የተከፈተው ፎቅ ላይ ውጪና ወደ ቤታችን እዪ። እሺ ካሉ ቀዩን ብርድ ልብስ ጣሪያው ላይ አሰጣዋለሁ» አለኝ። በስልክ አይነገርም? አይ፣ የኔ ጌታ ነገር ማሳመር ይወዳል!

በሩ ሲከፈት ነፋሱ ሻሼን ሊወስደው ምንም አልቀረው። ወይኔ ሐዋሳ! ሐይቁ እስከ ማዶ ተንጣሏል፤ ባጃጆቹ ቆርኪ አክለዋል። «ያ አላህ! ያ ጉዱማሌ መናፈሻ አይደል? ሱቃችንስ የት አለ?» ሙንተሃ እንደ ሕፃን ትዘላለች። እኔም አብሬያት ዘለልኩ።

ከዚያ ወደ እነ ያቤጽ ሰፈር፣ ወደ ምሥራቅ ዞርኩና ክው አልኩ። ቀይ ብርድ ልብስ ሞልቷል! ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ ቅዳሜ ፀሐይ ወጣች፤ ታዲያ የትኛዋ እናት ናት ሳታጥብ የምትውል? ጣሪያው፣ አጥሩ፣ ገመዱ ቀይ በቀይ ሆኗል። እኔ ደግሞ ቤታቸውን በበሩ እንጂ በቆርቆሮው አላውቀው። የሐዋሳ ልጆች ሆነን ይህን አለማሰባችን!

ደወልኩለት። «አንተ ጅል! ሰፈሩ በሙሉ ቀይ ነው! እሺ አሉ ወይስ አላሉም? አሁኑኑ ተናገር!» ከጀርባው የሽማግሌ ድምፅ «ምን አለች?» ሲል ሰማሁ። ስልኩ ተዘጋ። በቃ፣ አለቀልኝ። ይኸው አፌን በጆሯቸው ሰሙት! እንባዬ መጣ።

«ሐዳሳ! እዚያ! ከአቮካዶው ዛፍ አጠገብ!» ሙንተሃ የስልኳን ካሜራ አጉልታ ደቀነችልኝ። ያቤጽ መሰላል ደግፎ ቆሟል። ቆርቆሮው ላይ የወጡት ግን ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት ናቸው። ጋሽ ደረሰ! ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደኛ ያውለበልባሉ።

«አባባ፣ ይውረዱ! ኧረ ይወድቃሉ!» ብዬ ጮህኩ፤ የሚሰሙኝ ይመስል። እሳቸው እቴ! ጭራሽ ባሰባቸው።

ከጎናችን ፎቶ ሲነሱ የነበሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። «ማን ናቸው?» አለችኝ አንዷ።

«አማቴ ናቸው!» አልኳት፣ እንባዬን እየጠረግሁ።